ማደባለቂያው ውስጥ ሆኜ ከውጭ የሰማሁት የራሴ ድምፅ

ትናንት ረፋድ ላይ ማደባለቂያው ውስጥ ገብቼ፣ ክንፎቹ ላይ የተጋገረውን ፉርሽካ በመሮ እየፈነቀልኩ ሳለ፣ የራሴን ድምፅ ከውጭ ሰማሁት... «ወጥቻለሁ፣ አስነሱ።»

አልወጣሁም።

የምሠራው ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የከብት መኖ ፋብሪካ ነው። ማደባለቂያው ሰው ገብቶ የሚቆምበት ትልቅ በርሜል ነው፤ ውስጡ የብረት ክንፎች ይዞራሉ። መግቢያው ከላይ ነው፣ ጠባብ ነው፣ በእኔ ዕድሜ ከዚያ መውጣት ጊዜ ይፈጃል። ማስነሻው ደግሞ ከግድግዳ ጀርባ ነው። የምታስነሳው ታደለች አታየኝም።

ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። የገባው ሰው ወጥቶ በገዛ ድምፁ «ወጥቻለሁ፣ አስነሱ» ካላለ ማንም ማብሪያውን አይነካም። ሌላ ሰው ቢያስተላልፍለት አይቆጠርም። በዚህ ደንብ እስከ ዛሬ የአንድ ሰው ጣት አልተቆረጠብንም።

ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጃችን መስፍን ቢሮው አስጠራኝ። የሥልጠና ኃላፊዋ ምሕረትም ነበረች።

«ጋሼ፣ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ሲጮኹ ጉሮሮዎ አለቀ» አለኝ። «ድምፅዎን በኤአይ እናዘጋጅና ሥልጠናውን እሱ ይስጥልን። በአማርኛም በወላይትኛም ያወራል።»

«አደጋው ምንድን ነው?» አልኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ ባልማርም፣ ማንኛውም አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው።

ምሕረት አስባበት ኖሮ ነገረችኝ። ሌባ ድምፄን ወስዶ ልጆቼን «ብር ላኩልኝ» ሊል ይችላል።

«እኔ ብር ላኩልኝ ካልኩ ልጆቼ ፖሊስ ነው የሚጠሩት» አልኳት።

ሳቁ። ቀጠለችና መሣሪያው ያላልኩትን ሊያስብለኝ ይችላል አለች። ቀድሜ ካልሰማሁት አይወጣም አልኩ። ሰማሁትም። ደንቡ በትክክል ተነግሯል፤ ብቻ «እባካችሁ» እና «ውድ ሠልጣኞች» የሚል ሞልተውበታል። አውጡልኝ ብላት «ጋሼ፣ የዛሬ ልጆች ቁጣ አይችሉም» አለችኝ። ደንቡ እስካልተነካ ድረስ ይሁን ብዬ ፈረምኩ። «ወጥቻለሁ፣ አስነሱ» የምትለዋ ቦታ ስትደርስ ግን እንደ ሥራው ጮክ እንዲል አዘዝኩ።

እኔ ውስጥ እያለሁ ይጮህ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም...

ትናንት ምሕረት አዲሶቹን ሠራተኞች መጋዘኑ ጥላ ሥር ሰብስባ በስፒከር ከፈተችላቸው። እኔ መግባቴን አታውቅም። ታደለች ደግሞ ሥልጠና መኖሩን አታውቅም።

ደወሉ ተደወለ። ታደለች ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት ትደውላለች። መሮው ከእጄ ወደቀ። መግቢያውን ቀና ብዬ አየሁት፤ በጊዜ እንደማልደርስበት አወቅኩ።

«ታደለች፣ አልወጣሁም» ብዬ ጮህኩ።

ደወሉ ቆመ። ስፒከሩ ውስጥ ያለው እኔ ግን አላቆመም። «ውድ ሠልጣኞች፣ አሁን ማሽኑ ይነሳል...» ይላል።

«ጋሼ... የትኛው ነዎት?» አለች ታደለች ከግድግዳው ወዲያ።

«ውስጥ ያለሁት ነኝ።»

«ወጥቻለሁ ብለዋል እኮ።»

«እኔ አላልኩም።»

«በጆሮዬ ሰማሁ ጋሼ። በገዛ ድምፅዎ።»

ያስተማርኳትን ነው የምትመልስልኝ። ዙሪያዬን ብረት ነው፣ እጇ ማብሪያው ላይ ነው። የማሳምንበት ነገር ቢኖረኝ ያው ድምፄ ነበር... እሱ ደግሞ ውጭ ቆሞ ከኔ አብልጦ ይጮሃል፣ አያስለው፣ አይደክመው።

ተናደድኩ። በወላይትኛ ተሳደብኩ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም፤ አብረውኝ የሚጸልዩ ሰዎች ያነቡታል። ታደለችንም፣ ስፒከሩንም፣ ሥራ አስኪያጁንም አልማርኩም።

ከዚያ ታደለች «ያኛውን አጥፉት» ስትል ሰማሁ። «ጋሼ ውስጥ ናቸው።»

ወጥቼ ስደርስ ማብሪያው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ልቆጣት አልቻልኩም። ደንቡን አላፈረሰችም።

ከሰዓት መስፍን ቢሮ ገብቼ «አጥፉልኝ» አልኩት።

«ከዚህ እናጠፋዋለን ጋሼ። ሻንቶ ላለው ቅርንጫፍ ግን ልከናል፤ ሠራተኞቹ በየስልካቸው ተቀባብለውታል።»

«አስመልሱት።»

«ከስልክ ወደ ስልክ የሄደ ነገር በምን ይመለሳል? ደግሞም ፈርመዋል።»

የሻንቶውንም ማደባለቂያ የማጸዳው እኔ ነኝ። ሐሙስ ተራው ነው። እዚያ የምታስነሳዋ ልጅ አዲስ ናት፣ አይታኝ አታውቅም። የምታውቀኝ በዚያ ድምፅ ብቻ ነው፤ «እባካችሁ» በሚለው። እዚያ ውስጥ ሆኜ ብሳደብ ሌላ ሰው መስያት ልታስነሳው ትችላለች...

«ሐሙስ ዋናውን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከትቼ ነው የምገባው» አልኩት መስፍንን።

«ጋሼ፣ ፊውዙ ለሁሉም ማሽን አንድ ነው። ፋብሪካው በሙሉ ይቆማል።»

«ይቁም።»

ያኛው እኔ ደስ እንዳለው ይጩህ... ኪስ የለውም።