ዘንዶው ታስሮ ነበር ወይስ ልቅ?

የዛሬ ሁለት ወር ገደማ፣ ቅዳሜ ጠዋት... ፍኖተ ሰላም የተከራየኋት ቤት በር ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። ከኋላቸው እጮኛዬ ባንቺ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ልናስታርቅህ ነው የመጣን» አሉኝ በዕድሜ ገፋ ያሉት።

እኒህ አያ ዓለምነህ ናቸው፣ የባንቺ አጎት። በአገራቸው በፈረስ ቤት ድንበር ተገፋ፣ ከብት ሰብል ገባ ሲባል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የነፍስ አባቷ ቄስ ሞላ ናቸው። ከዚያ ሁሉ መንገድ የመጡት ለእኔ ነው። አፈርኩ።

ጠቡን ላስረዳችሁ... እኔና ይበልጣል የአሥር ዓመት ጓደኞች ነን። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ እሱ መድኃኒት ቤት ይሠራል። ድሮ እዚህ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ትቶት የሄደ የብስኩት ቆርቆሮ እጃችን ገብቷል። ውስጡ አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ምስሎች አሉ። ክንፍ ያለው ዘንዶ፣ ቀንዳም ጭራቅ፣ ጎራዴ የታጠቀ ጀግና፣ የጠፈር ልብስ የለበሰ ወታደር... ቀለማቸው ስለለቀቀ እንደገና እንቀባቸዋለን። ደህና ቀለም ስለማይገኝ የባንቺን የጥፍር ቀለም ጨርሰነዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ጦር አሰልፈን፣ የሉዶ ጠጠር እየጣልን እንዋጋለን። አዎ፣ ሁለታችንም ሠላሳ ዓመት አልፎናል።

የተጣላነው በሳህን ነው። የተደፋ ሳህን ኮረብታ ነው ብለን ተስማምተናል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብዬ የቀባሁት ጀግናዬ ከሳህኑ ኋላ ተደብቋል። የይበልጣል ዘንዶ እሳት ተፋበትና ገደለው። «ከዚያ ሆኖ አያየውም፣ ያላየውን ደግሞ አይገድልም» አልኩ። «ያየዋል» አለ። የጨዋታው ደንብ ያለበትን መጽሐፍ ብናይ ያቺን ገጽ አይጥ በልቷታል። ተሰዳደብን። እሱ በሩን ወርውሮት ወጣ።

ሦስት ሳምንት ተኳረፍን። እሱ አይደውል፣ እኔ አልደውል። ሰርጌ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ አንደኛ ሚዜዬ ደግሞ እሱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ናፍቆኛል። ግን ማን ቀድሞ ይደውል?

ያን ዕለት ባንቺ ይበልጣልን ከሥራ ቦታው ጎትታ አመጣችው። ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ።

«በሉ፣ ጠቡ የተነሳበትን ቦታ አሳዩን» አሉ አያ ዓለምነህ።

ጠረጴዛው ያን ቀን እንደነበረ ነው። ማስረጃ እንዳይጠፋ ብዬ አልነካሁትም፣ ምሳዬን አልጋ ላይ ነበር የምበላው። አሁን ይስቁብናል ብዬ ስጠብቅ አያ መነጽራቸውን አወጡ።

«ድንበሩ የቱ ጋ ነው?»

በጠመኔ ያሰመርነውን አሳየኋቸው።

«ሟቹስ?»

የወደቀውን ጀግናዬን አነሳሁላቸው። ቄስ ሞላ ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ነፍስ ይማር» አሉ ቀስ ብለው።

«ይኼ ዘንዶ የማን ነው?»

«የኔ ነው አያ» አለ ይበልጣል።

«ታስሮ ነበር ወይስ ልቅ?»

ይበልጣል ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። «ልቅ... ልቅ ነበር።»

«በሬህ ልቅ ውሎ የሰው ሰብል ቢበላ ማን ይጠየቃል?»

«እኔ።»

ደስ አለኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተስ ሰው ዘንዶ ካለበት ምን ወሰደው?»

«የዘንዶውን እንቁላል ሊወስድ ነው አያ፣ ጨዋታው እንደዚያ ነው።»

«ሌባ ነዋ።»

አያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በዘንዶው ራስ በኩል አሻግረው አዩ።

«ቆቡ ይታያል፣ ሰውዬው አይታይም» አሉ ቀና ሲሉ።

«ቆቡ ከታየማ...» ብሎ ጀመረ ይበልጣል።

«ዝም በል። አንተ ከብትህን አላሰርክ፣ እሱ ሌባ ልኳል። ሁለታችሁም አጥፍታችኋል።»

ቄስ ሞላ ማተባችንን አስያዙን። «የሱ ወገን ያንተን ወገን ላይነካ፣ ያንተም የሱን ላይነካ፣ ማሉ» አሉን። ማልን። በዚያ ሰዓት ጓደኛዬን ከመለሱልኝ ምንም በል ብባል እምል ነበር። ተቃቀፍን። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሰርጉ አማረ። ይበልጣል ላብ እስኪያጠምቀው ጨፈረልኝ።

ከሰርጉ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ እንደ ድሯችን ቆርቆሮውን ከፈትን። ጦሩን አሰለፍን። ይበልጣል ጠጠሩን በእጁ እያንገጫገጨ ድንገት ቆመ።

«ምለናል እኮ» አለኝ።

«ለእነዚህ?»

«ማተብ ይዘን ነው።»

አያ ዓለምነህ ጋ ደወልኩ። «አያ፣ ይኼ ነገር እኮ ጨዋታ ነው፣ ማህላው ይነሳልን» አልኳቸው።

«ጨዋታ ከሆነ ለምን ተኳረፋችሁ?» አሉና ስለ ባንቺ ጤና ጠይቀውኝ ዘጉ።

እና አሁን ሰላም ወርዷል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን፣ ሁለቱ ጦሮች ፊት ለፊት ቆመው ይተያያሉ። እኔ ለቀንዳሙ ጭራቅ ከሸክላ ጭቃ ሁለት በሬ ሠርቼ እየቀባሁለት ነው፣ የሚያርስበት። ይበልጣል ዘንዶውን በክር ችንካር ላይ አስሮታል። ባንቺ አልፋ ስትሄድ ታየንና ራሷን እየነቀነቀች ትወጣለች።

ቡሬም ሆነ አዴት ጦር ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረን፣ የማልነው እርስ በርሳችን ብቻ ነው... ዘንዶውንም አስረን ነው የምናመጣው።