ፈረሷ መጣ

ጎበሳ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሰላ ላይ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ ሃምሳን ለመድፈን ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ። የኮምፒውተር ጌም እጫወታለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ግራ ቀኝ መገላመጥ ይቃጣኛል።

ያስጀመረኝ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነርስ ነው። ጎረቤቴ ነው፤ በዕድሜ ብበልጠውም ወዳጄ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተያይዘን ከዋናው መንገድ ገባ ወዳለው ጌም ቤት እንሄዳለን። በፊተኛው ክፍል ተማሪዎቼ የኳስ ጌም ይጫወታሉ። እኔ ቶሎ ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል እገባለሁ። እዚያ ያለው የእኛ ጨዋታ ነው፦ አገር ትመሠርታለህ፣ እህል ትሰበስባለህ፣ ግንብ ትገነባለህ፣ ጦር ታዘምታለህ። ከሁሉም በፊት ግን ወገን ትመርጣለህ። ልጆቹ «ፋክሽን» ይሉታል። የበረዶ አገር ሰዎች አሉ፣ የበረሃ ሰዎች አሉ፣ በመርከብ የሚኖሩም አሉ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ልብስ፣ ቤትና ጦር አላቸው።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አዲስ ወገን ሊመጣ ነው ተባለ። የጨዋታው አፍቃሪዎች በአማርኛ የሚያወሩበት አንድ ግሩፕ አለ፤ እኔም አባል ነኝ፤ ስሜን ቀይሬ። እዚያ ውስጥ ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዱ ከብረት የተሠሩ ወታደሮች ናቸው ይላል፤ ሌላው ዘንዶ የሚጋልቡ ናቸው ብሎ ይምላል። የሚገለጡበት ቀን ቅዳሜ ሆነ፤ ጌም ቤቱ ጓዳ አምስት ሆነን ተፋፍገን ተቀመጥን። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

ቪዲዮው በጉም ጀመረ። ጉሙ ሲገፈፍ ተራራ ታየ፤ ከሥሩ የገብስ ማሳ። ከዚያ ወፍራም የሱፍ ካባ የደረቡ ፈረሰኞች ቁልቁለቱን ሲወርዱ መጡ። የፈረሶቹ ግንባር ላይ ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ከፊት የምትመራው ዳማ ባዝራ ናት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እግሯን እየመረጠች።

«በቃ? ይሄው ነው?» አለ የጌም ቤቱ ባለቤት።

ነርሱ በማያ ገጹ ጎን የሚወርደውን የፈረንጆቹን አስተያየት እየተረጎመ ያነብልን ጀመር። «አንዱ 'እረኞች ናቸው' ይላል። ሌላው 'ብርድ ልብስ ለብሶ ጦርነት አለ እንዴ?' ይላል። 'ይህን ልታሳዩን ነው ያን ያህል ያስጠበቃችሁን' ይላል ሌላው።» ክፍሉ ሳቀ። አኩርፈው ለመነሳት የተዘጋጁም ነበሩ።

እኔ ግን ሌላ ቦታ ነበርኩ። አባቴ ከገበያ ሲመለስ የምናየው እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ ጉም፣ ከዚያ ድምፅ፣ ከዚያ ዳማዋ ባዝራ። ኮርቻ ላይ ሲወጣ የሚላት ጌራርሳ፣ የኦሮሞ የፉከራ ዜማ፣ ነበረችው። እሱን ከቀበርን ወዲህ ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ያን ቀን ወጣች። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ክንዴን ዘርግቼ፣ ወንበር ገልብጬ፣ በኦሮምኛ እየጌረርኩ ነበር። እንባዬ ይወርዳል። ከዚያ ሌሎቹም እንዲገባቸው ፈለግኩ መሰለኝ፣ ወደ አማርኛ ዞርኩና ጮህኩ፦

«ፈረሷ መጣ! እዩዋት! ፈረሷ መጣ!»

ስበርድ ወንበሩን አነሳሁ፤ «ይቅርታ» አልኩ። ነርሱ አቀፈኝ። በሌላ እጁ ስልክ መያዙን ልብ አላልኩም።

ማታውኑ ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ለጠፈው። «ወገን እንዲህ ነው የሚቀበሉት» የሚል ጽፎበት ነበር። በክፋት አይደለም፤ ሲነጋ ራሱ በደስታ ሊነግረኝ መጣ። እኔ ግን ቀድሜ አይቼው ነበር፤ ከሥሩ የተጻፈውንም አንብቤ ጨርሻለሁ። ስለ አዲሱ ወገን የሚያወራ ሰው አልቀረም። ሁሉም የሚያወራው ስለ እኔ ነው።

«ሽማግሌው ፈረስ ናፍቆታል።»

«ፈረሷ መጣ ወይስ መጣች? መጀመሪያ ይወሰን።»

«እንዲህ እያለ ነው ጦር የሚመራው?»

በሳምንቱ ውስጥ ድምፄን ቆርጠው ሙዚቃ አስገቡበት፤ በመሃሉ የሚንከተከት የሰው ሳቅ ጨመሩበት። ፊቴ ስቲከር ሆነ፤ አፌ ተከፍቶ፣ ዓይኔ ፈጥጦ። ጨዋታውን የማያውቁ ሰዎች ሁሉ እርስ በርስ ይላላኩት ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከጎበሳ ወደ አሰላ ለትምህርት ስመጣ አማርኛዬ ወንድና ሴት አይለይም ነበር። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳነብ ይሳቅብኛል። ያኔ ወሰንኩ። ሬዲዮ እየሰማሁ ለብቻዬ ደገምኩ፤ የዜና አንባቢዎችን አነጋገር ቃል በቃል ቀዳሁ። በኋላ አዲስ አበባ ለሥልጠና ስሄድ «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» ብለው ሲጠይቁኝ ደረቴ ይነፋ ነበር። ልጄንም ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ አሳደግኳት፤ እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባት። አያቷን የምታናግረው በእኔ አስተርጓሚነት ነው። እና ያ ሁሉ ዓመት የደበቅኩት ነገር በአንዲት ግስ ወጣ።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ የስምጥ ሸለቆን ካርታ መሳል ስጀምር ከኋላ ወንበር አንዱ እንደ ፈረስ አሽካካ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ሳቅ ታፍኖ የሚፈጥረው ዓይነት ጸጥታ። እኔ አልዞርኩም። ጠመኔውን ይዤ ሐይቆቹን አንድ በአንድ ሳልኳቸው፤ ላብ ሸሚዜን ከጀርባዬ ጋር አጣበቀው። ሁለት ሐይቅ ቦታ አቀያይሬ ኖሯል። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ በትሕትና አረመችኝ።

ልጄ ሐዋሳ ነው የምትማረው። ረቡዕ ደወለች።

«አባ፣ ያ... ያ ቪዲዮ አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ።»

ማልቀስ ጀመረች። «ዶርም ውስጥ እያዩት ሲስቁ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አባቴ ነው አላልኩም።»

«ጥሩ አደረግሽ» አልኳት።

«ጥሩ አላደረግኩም፣ አባ።»

«አንቺ ትምህርትሽን አስቢ። ሰው ይረሳል።» ስልኩን ዘጋሁ። ልጄ እኔን መካዷ አልነበረም ያቃጠለኝ። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው እንደማደርግ ማወቄ ነው።

ነርሱ ያን ሰሞን ቤቴ ድረስ መጣ። በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። «ጋሼ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ። ደስ ብሎኝ ነው የለጠፍኩት። ከግሩፑ አጥፍቼዋለሁ፤ ከስልኬም አጥፍቼዋለሁ። ዘር ማንዘሩን ነው ያጠፋሁት።»

«የአንተ ጥፋት አይደለም» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ግን ዓይኑን አይቼ ማለት አቃተኝ። ቅዳሜዎቹ ቀሩ።

ከወር በኋላ እናቴን ልጠይቅ ጎበሳ ወረድኩ። እናቴ አማርኛ አትሰማም። ግቢው ውስጥ ሦስት ጎረቤቶቿ ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ ስገባ ተነስተው እልል አሉ። ምን ተገኘ ስል እናቴ ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። የጎረቤት ልጅ ጭኖላታል። ነርሱ የቀረጸው ነበር፤ ሙዚቃ ያልገባበት፣ ሳቅ ያልተጨመረበት፣ እንዳለ።

«ማሻ አላህ! ያባትህን ጌራርሳ!» አለች በኦሮምኛ። «ቃል አልሳትክም። እኔ ረስተኸው ነበር የሚመስለኝ። ግቢ የገባ ሰው ሳያይ አልሄደም።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ከተማው ሁሉ እየሳቀ ነበር። ሴቶቹ ለመሰናበት ሲነሱ ጠብቄ ወደ እናቴ ተጠጋሁ።

«እማ፣ ይህን ለሰው አታሳዪ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ አታሳዪ።»

«ምን ነውር አለበት? ስድብ ብለህበታል?»

እንዴት አድርጌ ላስረዳት? «አማርኛዬ ተበላሽቶበታል» አልኩ በመጨረሻ። «ሰው እየሳቀብኝ ነው።»

ቪዲዮውን ደግማ ከፈተችው። እስከ መጨረሻው አየችው። አማርኛው ላይ ሲደርስ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፤ የተበላሸውን ነገር ለመስማት የሞከረች ይመስል። ምንም አላገኘችም።

«እኔስ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። ስልኩን ትራሷ ሥር አስገባችው።

አመሻሽ ላይ የአባቴ የቅርብ ጓደኛ የነበሩ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ወሬውን ሰምተው፣ የጓደኛቸውን ጌራርሳ ሊሰሙ፣ ያን ዳገት በእግራቸው ወጥተው። ከተቀመጡ በኋላ እናቴን «እስቲ አሳዪኝ» አሏት።

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ።

«ጠፍቶብኛል» አለቻቸው። «ልጆች ነካክተውት ጠፋ።»

እናቴ ዋሽታ አታውቅም ማለቴ አይደለም። ለእኔ ብላ ፊታቸው ቆማ ስትዋሽ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው «ይሁን፣ ይሁን» አሉ። ወደ እኔ ዞረው «አንተው በልልኝ እንጂ» ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልጠየቁም። ከዚያም ስለ ገብሱ ዋግና ስለ ዝናቡ አወራን። ሲሄዱ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። በልልኝ ባይሉኝም ልላቸው እችል ነበር፤ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። አፌ አልከፈት አለ።

አሰላ ተመልሼ ሳምንት ያህል ከራሴ ጋር ስሟገት ቆየሁና ደወልኩላት።

«እማ፣ ያን ቪዲዮ አሳዪያቸው። ለሁሉም አሳዪ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የለም እኮ ልጄ» አለች። «ካስከፋህ ብዬ ልጁን ጠርቼ አስፋቅኩት።»

ነርሱ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። ሲያየኝ ደነገጠ። የጎበሳውን ነገር ሳልደብቅ ነገርኩት። ስልኩን አወጣ፣ የድሮ ስልኩንም ፈልጎ አመጣ፤ የጌም ቤቱን ባለቤት ደውሎ ጠየቀው፤ ያን ቀን አብረውን የነበሩትንም ጠየቃቸው። የትም የለም። ጎበሳ ያለው ልጅም ከስልኩ ላይ ካጠፋ ቆይቷል። እኛ ኢንተርኔት ላይ ፈልገን ብዙ አገኘን፤ ሁሉም ላይ ግን ሙዚቃው አለ፣ ሳቁም አለ። ነርሱ ሳቁን ከድምፄ ለመነጠል ኮምፒውተሩ ላይ ሲታገል አመሸ። ሳቁ ሲወጣ ጌራርሳውም አብሮ ይወጣል።

«ለምን አዲስ አንቀርጽም፣ ጋሼ?» አለኝ። «እዚሁ ተቀመጥና በለው።»

ተቀመጥኩ። ስልኩን ፊቴ ደገነው። የመጀመሪያዋን ስንኝ ያዝኩና ድምፄን ሰማሁት፤ ቀጭን፣ ጥንቁቅ፣ እያንዳንዱን ቃል አስተካክሎ የሚያነብ የዜና አንባቢ ድምፅ። እጄን አንስቼ አስቆምኩት። ነርሱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሻይ ሊያፈላ ተነሳ።