ለየብቻ የቀረበ እራት

የማስታውሰው ሁሉ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ በተለይ የዚያን ምሽት ነገር ለራሴ በሚመቸኝ መንገድ አስተካክዬው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። በአባታችን መሬት ክፍፍል ተኳርፈን ከከረምን በኋላ ታላቅ ወንድሜ ከዋጃ ደውሎ፣ «ዛሬ ቆቦ እመጣለሁ፤ እራት አብረን እንብላ» አለኝ። ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝና ወጥ የማደርስበት ጊዜ አልነበረኝም። ከስልኬ ላይ አይቼ የለመድሁት ቶሎ የሚደርስ የኮሪያ አሠራር ነበር፤ የበሬ ሥጋውን በስሱ ቆራርጬ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በሶያ ሶስና በጥቂት ስኳር ጠበስሁት። ሩዙን በሁለት ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ ሥጋውን ከላይ ጨመርሁበትና አንዱን በእሱ፣ ሌላውን በእኔ ፊት አስቀመጥሁ።

ወንድሜ ሳህኖቹን ተራ በተራ ተመለከተ።

«መሬቱ አልበቃ ብሎህ ማዕዱንም ከፈልኸው?»

«ጋሼ፣ የኮሪያ ምግብ እኮ ነው። እንዲህ ነው የሚበላው።»

«እኔ የመጣሁት ከዋጃ ነው።»

በእኛ አገር ወንድማማቾች ለየብቻ የሚቀርብላቸው ሲጣሉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን አላሰብሁትም። ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ፤ ሌላ ዘመድ ቤት አደረ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ሳህኑን ሰበብ አደረገው እንጂ ሲመጣም ለጠብ ነበር እያልሁ ራሴን ሳጽናና ኖርሁ፤ ፊቱም ከደጃፍ ጀምሮ ጠቁሮ እንደነበር ይታወሰኛል።

በቅርቡ በአንድ ዘመዳችን ለቅሶ ቤት የወንድሜን ባለቤት አግኝቼ ስለዚያ ቀን ጠየቅኋት። እንደነገረችኝ፣ «ከወንድሜ ጋር እበላለሁ» ብሎ ምሳውን ሳይቀምስ ነበር ከቤት የወጣው።