ሽማግሌዎች እትዬ ዶረቲ ቤት የሄዱ ለታ

ልጅ እያለሁ እሑድ እሑድ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ነበረን። ማለዳ የራሳችንን ቅዳሴ እናስቀድሳለን፤ ካለቀ በኋላ ነጠላችንን አጣጥፈን ቦርሳ ውስጥ ከትተን፣ አውቶቡስ ይዘን ወደ አንግሊካኖቹ እንሮጣለን። እዚያ ሁልጊዜ የምንደርሰው ለመጨረሻው መዝሙርና ለሻይ ነበር። ገና በሩን ስንከፍተው የወለል ሰምና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ይቀበለናል። ጠረጴዛው ላይ ዳር ዳሩ ተቆርጦ የወጣለት የእንቁላል ሳንድዊች ይደረደራል፤ እናቴ ያንን የዳቦ ዳር የት እንደሚጥሉት ሲያሳስባት ኖረ።

ሁለት ቦታ የምንሯሯጠው ስለ ውለታ ነው። ናይሮቢ በስደት ሳለን አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ስፖንሰር አድርገው ቶሮንቶ ያመጡን የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ኤርፖርት ድረስ መጥተው የተቀበሉን ደግሞ ሁለት ጡረተኛ ሴቶች ነበሩ፣ የአርባ ዓመት ጓደኛሞች። እናቴ ስማቸውን በባዶው መጥራት ስለከበዳት እትዬ ዶረቲና እትዬ ፓም አለቻቸው። እነሱም ትርጉሙን ሳይጠይቁ ለመዱት።

እትዬ ፓም ነርስ ነበሩ። ፍሌሚንግደን ፓርክ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ቤት የፈለጉልን፣ እናቴን ሐኪም ቤት የሚያመላልሷት እሳቸው ናቸው። እትዬ ዶረቲ አስተማሪ ነበሩ። በየሐሙሱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ አብረን እናነባለን። ታች ፓርኪንጉ ላይ ልጆቹ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሥለው ሲዘሉ በመስኮት ይታየኛል፤ ሐሙስ ዕለት ግን መውረድ አያምረኝም ነበር። እትዬ ዶረቲ ስሳሳት አይቆጡም። እርሳሳቸውን ቃሉ ሥር አድርገው ዝም ብለው ይጠብቁኛል። እንግሊዝኛዬ ሲንተባተብ እንደዚያ የጠበቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። እወዳቸው ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ በአንግሊካኖቹ መካከል ነገር መጣ። አብረው የሚኖሩ ሁለት ወንዶች ትዳራችን በቤተ ክርስቲያን ይባረክልን ብለው ጠየቁ፤ አንደኛው ኦርጋን የሚመታው ሰውዬ ነበር። የበላዮቹ ውሳኔውን ለየአጥቢያው ስለተዉት ምእመናኑ ድምፅ ሊሰጡ ቀን ተቆረጠ። እትዬ ፓም ይባረክላቸው አሉ። እትዬ ዶረቲ መጽሐፉ አይፈቅድም፣ ይህ ከሆነ ሌላ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ አሉ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። መለያየታቸው የገባን በአቀማመጣቸው ነው። አርባ ዓመት አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሴቶች አንዷ ግራ፣ አንዷ ቀኝ ሆኑ። ሻዩም ሁለት ጠረጴዛ ሆነ። እናቴ ኩባያዋን ይዛ የቱ ጋ እንደምትቀመጥ ስለጨነቃት ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ሁለት ወር ሙሉ የሰው ኩባያ አጠበች።

በእምነቷ እናቴ ከእትዬ ዶረቲ ጋር ነበረች፤ እትዬ ፓምን ማስቀየም ግን የማይታሰብ ነው። በዚህ አገር ከሁለቱ ሌላ ዘመድ የላትም። እኔ የምፈራው ለሐሙሴ ነበር። እትዬ ዶረቲ ያንን ቤተ ክርስቲያን ትተው ከሄዱ ወደ እኛም የሚመለሱ አልመሰለኝም።

በመጨረሻ እናቴ አገሯ እንደሚደረገው አደረገች፤ ሽማግሌ ላከች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የታወቁት አስታራቂ ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ባልና ሚስቱን ሁሉ አስታርቀው እምቢ ተብለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሁለት እኩዮቻቸውን ጨመሩ። ከሁለቱ አንደኛው ጉዳዩን ሲሰሙ ይሄ የኛ አይደለም ብለው አንገራገሩ። ጋሽ ታደሰ ሃይማኖታቸውን ልናቀና ሳይሆን ጠባቸውን ልናበርድ ነው የምንሄደው አሏቸው። የጋሽ ታደሰ እንግሊዝኛ ከታክሲ ሥራ አያልፍም፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ማን አለ?

ቅዳሜ ረፋድ፣ በረዶው እየቀለጠ፣ በጋሽ ታደሰ ታክሲ ሄድን። ሽማግሌ ቀጠሮ አይዝምና ማንም ኮል አላደረገላቸውም። እትዬ ዶረቲ በሩን ሲከፍቱ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎችና እኔ ተደርድረን ቆመናል። ፊታቸው ነጣ። እናቴ የሞተች መስሏቸው ነበር። ደህና ናት አልኳቸው፤ በእፎይታ አስገቡን፤ ወንበር ሳቡ፣ ሻይ ቀዱ፣ ብስኩት አቀረቡ። ሽማግሌዎቹ ግን የሚቀመጡ አልሆኑም። ልመናው እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም። እትዬ ዶረቲ ይህን ከየት ይወቁት? እኔም ብሆን ያን ዕለት ያየሁት የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው ተቀመጡ ይላሉ፣ ሦስቱ ጎንበስ ብለው ያመሰግኑና ባሉበት ይቆማሉ። ከጫማቸው የቀለጠው በረዶ ምንጣፉን አራሰው።

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን አጣምረው ስለ እግዚአብሔር፣ ስለዚህች ልጅም ብለው ለእትዬ ፓም ይቅርታ እንዲያደርጉላቸው ለመኑ። ተረጎምኩ። እትዬ ዶረቲ ግራ ተጋቡ።

«ፓም እኮ ምንም አልበደለችኝም» አሉኝ። «እንደ እህቴ ነው የምወዳት። እዚያ መቀመጥ ነው ያቃተኝ፤ ህሊናዬ እሺ አላለኝም።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እነሱ የሚያውቁት በዳይና ተበዳይ ነው፤ ካሣ ይቆረጣል፣ እግር ይሳማል፣ ያልቃል። በዳይ የሌለበት ጠብ ገጥሟቸው አያውቅም። ጋሽ ታደሰ ያንን ልመና ተዉት። ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያው እንዲህ በያቸው» አሉኝ። «በሃይማኖትዎ አልገባም። ብቻ የትም ይሂዱ የት፣ የዚችን ልጅ ሐሙስ አያስቀሩብን። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው።»

ስለ ሐሙሴ መፍራቴን ለማን ነገርኩ? ለማንም። እናቴ ገብቷት ለሽማግሌዎቹ ነግራቸው ኖሯል፤ ጆሮዬ ጋለ። ስለ ራሴ፣ በራሴ አፍ፣ እባክዎ አይተዉኝ ብዬ መለመን አቃተኝ። በለሆሳስ፣ በእንግሊዝኛ ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን አልኩ። እትዬ ዶረቲ ራሳቸውን ነቀነቁና እኔም አመሰግናለሁ አሉ። ጋሽ ታደሰ ዓይን ዓይኔን እያዩ መልሱን ጠበቁኝ። «ስለ ሐሙሱ ምንም አላሉም» አልኳቸው። ለሽማግሌ መልስ ማጣት እምቢ መባል ነው። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ወጡ። አራት ሲኒ ሻይ ማንም ሳይነካው ቀረ።

ድምፅ የተሰጠ ዕለት እናቴ ወጥ ቤት ሆና የታጠበውን ኩባያ ደግማ ታጥብ ነበር። ይባረክላቸው ያሉት በለጡ። እትዬ ዶረቲ ማንንም ሳያናግሩ ካፖርታቸውን ለብሰው ሄዱ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠረጴዛውን ወልውዬ፣ መጽሐፌን አውጥቼ ጠበቅኩ። አልመጡም። እናቴ ሽማግሌ መላኬ አስቀይሟቸዋል ብላ ደምድማ በይሉኝታ ሳትደውልላቸው ቀረች። እኔም እውነቱን ሳልነግራት ቀረሁ። እትዬ ፓም እንደ ወትሮው ይመጣሉ፤ በእሳቸው ፊት የእትዬ ዶረቲን ስም ማንሳት ነውር መሰለንና አነሳነውም አናውቅም። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ እትዬ ፓም የዓይን ኦፕሬሽን ተደረገላቸውና መኪና መንዳት ተከለከሉ። አንድ ማክሰኞ ደውለው አንድ ቦታ ታደርሺኛለሽ ወይ አሉኝ። መኪናው ውስጥ ሲገቡ የት ስላቸው፣ ወደ ዶረቲ ነዋ፣ ማክሰኞ አይደለም እንዴ አሉ። መኪናውን ሳላስነሳ ሁሉንም ጠየቅኳቸው። ከዚያ ድምፅ በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው መጠያየቅ ጀምረው ኖሯል። እስካሁን በዚያ ጉዳይ አንስማማም፣ ስለዚህ ሌላ ሌላውን እናወራለን አሉኝ። እኛ ስማቸውን የማናነሳው መስማት ስለማንፈልግ መስሏቸው ሳይነግሩን ቆይተዋል።

እትዬ ዶረቲ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ አንሰዋል። ወዲያው አወቁኝ። ቀድመው የጠየቁኝ በምን እንዳስቀየሙን ነው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ቤቴ መጥተው ወንበሬንም ሻዬንም እምቢ ብለው ሲወጡ፣ እናትሽ ከፓም ጋር ሆና ፊቷን ያዞረችብኝ መሰለኝ አሉ። ለዚያ ነው ያልመጡት። ሽማግሌ ለምን እንደማይቀመጥ አስረዳኋቸው። ከዚያ የጋሽ ታደሰን ልመና ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተረጎምኩላቸው።

«እሺ እል ነበር እኮ» አሉኝ። «ምን ይከብዳል?»

ዛሬ ከእናቴ ጋር በዚያ ጉዳይ አንስማማም፤ እኔ እንደ እትዬ ፓም ነው የማስበው፣ እሷ እንደ እትዬ ዶረቲ። እንከራከርና ምሳ እንበላለን። የራሳችን ቤተ ክርስቲያንም መከራከሪያ አላጣም፤ አሁን ግን የከፋው ሰው የስልኩን ግሩፕ ሌፍት አድርጎ ይወጣል፣ በሩ ላይ ሄዶ የሚቆምለት የለም። ለእኔ ሐሙስ ሦስት ሽማግሌዎች ከነካፖርታቸው አርባ ደቂቃ ቆመውልኛል። ጋሽ ታደሰ በዕድሜዬ አንዴ እምቢ የተባልኩት ፈረንጅ ቤት ነው እያሉ ሲቀልዱ ኖሩ፤ ባወሩት ቁጥር አብሬ እስቅ ነበር። እሺታውን ይዤ ከእትዬ ዶረቲ ዘንድ ስመለስ ጋሽ ታደሰ ካረፉ ዓመት ሆኗቸው ነበር።