የሐምሌ ፀሐይ መነጽር

እትዬ አዲስዓለም ዱባይ ተራ ጃንጥላ ሲሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ሰው ሳይተነኩሱ ከዋሉ ምሳ አይበላላቸውም። ዘንድሮ ተረኛው የሱቅ ጎረቤታቸው ሰላሁዲን ነው።

ሰላሁዲን በ2012ቱ የፀሐይ ግርዶሽ ሰዉ መነጽር አጥቶ የራጅ ፊልም ዓይኑ ላይ ሲደቅን አይቶ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። በመጪው 2019 ደግሞ ጨረቃ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይን በከፊል ትጋርዳለች ሲባል ጊዜ፣ ማንም ሳይቀድመው የግርዶሽ መነጽር በካርቶን በካርቶን አስመጥቶ ሱቁን እስከ ጣሪያው ሞላው።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን የእርስዎን ጃንጥላ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። መርካቶ በሙሉ አንጋጦ ነው የሚውለው!» አላቸው እየተኩራራ።

«እሰይ የኔ ልጅ! ቀኑ መቼ ነው?»

«ሐምሌ ሃያ ስድስት፣ ከሰዓት።»

እትዬ አዲስዓለም ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ዋጡት። ሐምሌ! ዶፉ ያለ ፋታ የሚወርድበት፣ ፀሐይ ለመድኃኒት እንኳ የምትታጣበት ወር።

አንዱን መነጽር አንስተው ዓይናቸው ላይ አደረጉና ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ።

«ሰላዲዬ፣ ደንበኞችህ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ሲበሰብሱብህ እኔ ጋ ላካቸው፤ ኮሚሽንህን አልረሳም።»