ስማቸው የማይጠራው በሽተኛ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ውስጥ ለአዲስ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሥልጠና ስሰጥ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «መምህር፣ ገና መመዝገብ ሳንማር መፈለግን ለምን ታስቀድማለህ?» አለኝ። ልክ ነው፤ የሥልጠና ጽሑፉም የሚጀምረው ከምዝገባ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉን የገለበጥኩት ከብዙ ዓመት በፊት ጥርሳቸውን ታመው በመጡ አንድ አዛውንት ምክንያት ነው።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ኮምፒውተር የተማርኩት ዱራሜ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካሁ ነው። የነካሁትን አልረሳም፤ ያልነካሁትን ግን አላውቅም። ከሺንሺቾ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የወረቀት ካርድ ትቶ በኮምፒውተር መመዝገብ ሲጀምር ፈትነው ቀጠሩኝ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደሳለኝ ዕድሜያቸውን በካርድ መደርደሪያ መካከል የጨረሱ ሰው ነበሩ። ኮምፒውተሩን አያምኑትም፤ ቢሆንም ማታ ማታ ባለቤታቸው የሠሩለትን ዳንቴል ሳያለብሱት ወደ ቤት አይሄዱም። «እንግዳ ነው፤ ብርድ ይመታዋል» ይላሉ።

ክረምት ነበር። ዝናቡ መንገዱን ቢያጨቀየውም ወረፋው ረጅም ነበር፤ የጥርስ ሐኪሟ ከዱራሜ የምትመጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነዋ። በመስኮቱ በኩል የእርጥብ ጋቢና የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ሽታ ይገባል። ረፋዱ ሲያልፍ አንዲት ወጣት ሴት አንድ አዛውንት ደግፋ መስኮቱ ላይ ደረሰች። የሽማግሌው ግራ ጉንጭ ቡጢ አክሏል። አገጫቸው በነጠላ ተጠምጥሟል፤ አፋቸው ለመናገር ቀርቶ ማንኪያ ለማስገባትም አይከፈትም።

«የአባባን ስም ንገሪኝ፣ እህቴ» አልኩ።

«የባሌ አባት ናቸው» አለች መሬት መሬት እያየች።

ወረፋው ወዲያው ገባው። በከምባታ ወግ ያደገች ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምረውን ቃል እንኳ በሌላ ትለውጠዋለች። ዛሬ ዛሬ ልማዱ ላልቷል፤ እሷ ግን አላላላችውም። ኮምፒውተሩም አላላም። የስሙ ቦታ ካልተሞላ ቀይ መስመር አውጥቶ እዚያው ይቆማል።

«በእኔ ጊዜ ‹ጉንጫቸው ያበጠ አባት› ብዬ ጽፌ አስገባቸው ነበር» አሉ ጋሽ ደሳለኝ ከኋላዬ።

«ነገ ጉንጫቸው ሲጎድልስ? ካርዱ የማን ሊሆን ነው?» አልኩ። ከልቤ ነበር።

ባሏ ሐዋሳ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው፤ ስልኩ ዝግ ነው። መታወቂያቸው ቤት ቀርቷል። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። ወረፋው ግን ሥራ አልፈታም፤ ግምት ጀመረ።

«ኤርጃቦ?» ሽማግሌው ጣታቸውን ወዘወዙ።

«ላምቤቦ?» አሁንም ጣት።

«አዲስ ስም ብናወጣላቸው አይቀልም?» አለች በቆሎ የምትግጥ ሴትዮ።

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸውና ጉንጫቸውን ይዘው አቃሰቱ። «እባካችሁ አታስቋቸው፤ ያማቸዋል» አለች ምራታቸው ተቆጥታ።

ጋሽ ደሳለኝ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብለው ተመለሱ። «ሐኪሟ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀምራለች» አሉ።

በዚያ ጉንጭ አንድ ሳምንት ማደር ማለት ነው። ምራታቸው አማቷን አየች፤ አፏን ከፈተች፤ ስማቸውን ልትጠራ ነው። ሽማግሌው ግን መዳፋቸውን ዘርግተው አስቆሟት። ሕመሙን መረጡ።

እሷም በጣቷ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመች። «ይኼ ሳጥን ልጄን ያውቀዋል» አለች። «ባለፈው ወር ለክትባት መጥተን አስገብታችሁታል። ያኔ አባቱ አብሮኝ ነበር፤ እስከ አያቱ ያስመዘገበው እሱ ነው። ልጄ በረከት ይባላል። የቀረውን ሳጥኑን ጠይቀው።»

ትክክል ነበረች፤ የልጁ ሦስተኛ ስም የሽማግሌው ስም ነው። ችግሩ እኔ ሰው ማስገባት እንጂ የገባውን መልሶ ማግኘት አልተማርኩም። በኮምፒውተሩ ማያ ጥግ አንዲት ትንሽ የአጉሊ መነጽር ሥዕል አለች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ጌጥ ትመስለኝ ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ ነካኋት። ባዶ ቦታ ከፈተችልኝ። «በረከት» ብዬ ጻፍኩ።

የበረከት መዓት ወረደ። በእኛ አገር ጸሎት ቤት ደጃፍ ቆሞ «በረከት» ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹን ልጅ ይሰበስባል። በቀበሌና በዕድሜ እያጠበብኩ መጣሁ፤ በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ። በረከት ማርቆስ ዶባሞ።

«አባባ፣ ዶባሞ?» አልኩ።

ምራታቸው ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ከላይ ወደ ታች፣ ደግመው ደጋግመው ነቀነቁ። ወረፋው አጨበጨበ።

«ዶባሞ ሄራሞ?» አለ ከወረፋው መጨረሻ የቆመ ሰውዬ። «አባቴ እኮ ከእሳቸው ጋር ነበር በሬ የሚያቀናጀው። አያታቸው አኒቶ ናቸው።»

«እስካሁን የት ነበርክ?» አሉት ጋሽ ደሳለኝ።

«እዚሁ ነኝ። ጉንጫቸው ሌላ ሰው አስመስሏቸው ነዋ።»

ሐኪሟ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች፤ በመርፌ አደንዝዛ አፋቸውን ቀስ በቀስ አስከፈተች፤ ጥርሱ ተነቀለ። ሽማግሌው ሲወጡ በመስኮቱ ፊት ቆመው፣ ጥጥ እንደ ጎረሱ፣ እጃቸውን ወደ ምራታቸው ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁ። አንድም ቃል አልተሰማንም። ሁላችንም አሜን አልን።

ሠልጣኞቼ ይህን ሰምተው ሳቁ። እኔም፣ «ማሽኑ ስለ እኛ የሚያውቀው አንድ ሰው አንድ ቀን የነገረውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሰው ከመመዝገባችሁ በፊት ቀድሞ የነገረው ሰው ካለ ፈልጉ» ብዬ ልደመድም ነበር። ከዱራሜ የመጣች አንዲት አዲስ ሙሽራ ግን አልሳቀችም። እጇን አወጣች።

«ለሴቷ አማትስ ይሠራል? የእሷም ስም አይጠራም እኮ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አስቤው አላውቅም። «አይሠራም» አልኳት። «የሴት አያት ስም ከልጅ ስም ኋላ አይመጣም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ለእሷ ጤና አጥብቄ መጸለይ አለብኝ» አለች።