ስሉስ ዝላይን ወደ ሩሲያኛ የተረጎሙት የላሊበላ መምህር

ሰኞ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሳን። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። አንድ የስፖርት መሥሪያ ቤት ሩሲያዊ የዝላይ አሠልጣኝ ቀጥሯል፤ መመሪያዎቹ ግን በእንግሊዝኛ ናቸው። ተርጓሚ ለመምረጥም ለአመልካቾች የዝላይ ቃላት ፈተና ልኳል። ከአመልካቾቹ አንዱ ስለሆኑት የላሊበላ መምህር ልጽፍ ነው የሄድኩት። ስመለስ የፈተና ወረቀታቸውን ይዤላቸው እመጣለሁ።

ደሴ አደርን። ማክሰኞ ጎማ ስናስጠግን ወልድያ ላይ መሸብን። ረቡዕ የገብስ ማሳዎቹን እያየን ዳገቱን ወጣን። ጋሸና ላይ ከሹፌራችን ከጋሽ በላይ ጋር ምስር ወጥ በልተን በኮረኮንቹ መንገድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላሊበላ ገባን።

ሐሙስ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

መምህር ደጀኔ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ኋላ ሶቭየት ኅብረት ሄደው ስፖርት አጠኑ። ከተማው «የሩሲያው የኔታ» ይላቸዋል።

«ሩሲያኛውን ከግድግዳ ጋር ነው የምጫወተው፤ እሱም አይመልስልኝ» አሉኝ። ይህ ሥራ ካመለጣቸው ሌላ እንደማይመጣ ያውቃሉ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የተረጎሙትን በሩሲያኛ ያነባሉ፤ በአማርኛ ይፈቱታል። የቀድሞ ተማሪያቸው ውቢት፣ ዘላይ ናት፣ የሰማችውን አሸዋው ላይ ትሠራዋለች።

ስሉስ ዝላይ ላይ ደረሱ። «ስካቾክ። የመጀመሪያው ዝላይ። በግራ እግር ተነስቶ በቀኝ ማረፍ።»

ውቢት እንደተባለችው ዘለለች፤ ግን መነሻው ጣውላ አጠገብ ዝግ አለች። ደገመችው፤ እንደዚያው።

ውሃ ስትጠጣ ጠጋ ብዬ «ምን ያዘሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ውድድር ላይም እንዲህ ነው የምትዘልዪው?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የለም። መጀመሪያ የሚታረፈው በተነሱበት እግር ነው። በሌላው ካረፍኩ ዳኛው ቀይ ባንዲራ ያነሳብኛል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«የኔታን እኔ ላርም?»

መምህሩ ሰምተዋታል። ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። «የኛ ሰው ቦይ ሲሻገር እንደሚዘለው አድርጌ ነው የጻፍኩት» አሉ። «ሌላም አለ?»

«ከትናንትናው ሁለት አለ።»

«አንቺ ልጅ፣ በጨዋነትሽ ልታስወድቂኝ ነበር።»

ከድንጋዩ ተነሱ። «በይ ተቀመጪ። ተማሪው እኔ ነኝ፤ ስሳሳት አቁሚኝ።» ንባብ ቤት ተማሪው በመምህሩ ፊት እንደሚያነበው ማለታቸው ነው። ውቢት እምቢ አለች። ሁለት ጊዜ ከለመኗት በኋላ የድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቆመው ከመጀመሪያው ቃል ጀመሩ። ብዙ ካነበቡ በኋላ ውቢት በቀስታ «እዚህ ጋ፣ የኔታ» አለች።

መልስ

እሑድ አዲስ አበባ ገባን፤ ሰኞ ወረቀቱን አስረከብኩ። ከመምህሩ ፊርማ ሥር «አራሚ፦ ውቢት» የሚል ነበረበት።

«ሩሲያኛ ታውቃለች?» አሉ የተቀበሉኝ ኃላፊ።

«አንድም ቃል አታውቅም።»

መምህሩ መቀጠራቸውን ከሳምንታት በኋላ ጻፉልኝ። እኔም ይህን ማስታወሻ ከማስረከቤ በፊት ጋሽ በላይን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ቆሜ አነበብኩላቸው። ጋሸና የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። ሽሮ ብዬ ጽፌ ነበር።

«ምስር ነው የበላነው» አሉ። «ሳትጠይቀኝ ብትቀር ዝም ባልኩህ ነበር።»